አንድ ጎል የገባበት በረኛ

ጋሽ ደበላ መሞቱን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከገበያ ወደ ቤቴ ስመለስ ሹፌሩ ከጎኑ ለተቀመጠው ጓደኛው፣ «በረኛው ሞተ አሉ፤ ያ አባቴን ትርፍ አንጀት ሲያወጡለት ያደነዘዘው ሽማግሌ» አለው። ጓደኛው «ነፍስ ይማር» አለና ሁለቱም ስለ ጎማ ወደ ጀመሩት ወሬ ተመለሱ። እኔ ከኋላ ሽንኩርቴን ታቅፌ ተቀምጫለሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። እፎይታ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ካልጻፍኩት ቀሪው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ለዚህ ሰው ከወጣትነቴ ጀምሮ ልነግረው የሚገባኝ አንድ ነገር ነበረኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ነገሩ ከሆነ አርባ ዓመት ሊሞላ ነው። እና ሞተ ሲሉኝ በልቤ «ተገላገልኩ» አልኩ። ከባጃጁ ወርጄ በሬ ላይ ስደርስ ግን ቤት መግባት አቅቶኝ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ደበላ የማደንዘዣ ባለሙያ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ አዳማን ናዝሬት በምንልበት ዘመን፣ እኔ ነርስ ሆኜ በምሠራበት ሆስፒታል ሰውን አደንዝዞ መልሶ የሚቀሰቅሰው እሱ ብቻ ነበር። ሐኪም አይደለም፤ ነርስነት ተምሮ፣ በላዩ ማደንዘዣ የጨመረ ሰው ነው። ሐኪሞች ይመጣሉ ይሄዳሉ። አንዳንዱ በውል ከውጭ አገር የመጣ፣ አንዳንዱ ገና ከትምህርት ቤት የወጣ። ጋሽ ደበላ ግን በበሽተኛው ራስጌ ካለችው ክብ ወንበሩ ንቅንቅ አይልም።

ቁመቱ የትየለሌ ነበር፤ በሩ ሁሉ ስለሚያጥረው ክፍት ሜዳ ላይ ሳይቀር ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። እጆቹ ትልልቅ ናቸው። በሽተኛ ከመንካቱ በፊት በሞቀ ውሃ ይታጠባቸዋል፤ የሞቀ ውሃ ከጠፋ ግቢው ውስጥ ካለችው ሻይ ቤት ድረስ ሄዶ ከማንቆርቆሪያው ያስቀዳል። «ፈርቶ የተኛን ሰው በቀዝቃዛ እጅ መንካት ጠብ መፈለግ ነው» ይላል። ሸሚዙ ሁልጊዜ ኤተር ይሸታል። ያኔ ሰው የምናደነዝዘው በኤተር ነበርና ሽታው ጨርቅ ላይ ከሰፈረ ቶሎ አይለቅም። ባለቤቱ ሸሚዙን ከቤት ውጭ ካልሰቀልክ አላስገባህም ትለው እንደነበር ራሱ እየሳቀ ይነግረናል። የእሱ አፍንጫ ደግሞ ሌላ ነው፤ ተኝተው የወጡ በሽተኞችን ብርድ ልብስ አሽትቶ ብቻ የትኛው የዛሬ፣ የትኛው የትናንት እንደሆነ ይለያል። እኛ እንፈትነዋለን፤ ተሳስቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ነበረው፤ በሽተኛን «ትተኛለህ» አይልም። «ታንቀላፋለህ»ም አይልም። ሁለቱም ቃላት በእኛ አገር ምን ማለት ሊሆኑ እንደሚችሉ እናውቃለን። እሱ የሚለው፣ «ትንሽ ወጣ ብለህ ትመለሳለህ፤ እኔ በሩ ላይ አለሁ» ነው። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ይህን ሰምቶ፣ ጭምብሉ አፉ ላይ ሊደረግበት ሲል፣ «እንግዲያውስ በረኛ ነህ በለኛ!» አለና ሁላችንንም አሳቀን። ስሙ በዚያው ጸና። ከዚያ ወዲህ ኳስ የሚወዱት ወንዶች ሠራተኞች ኮሪደር ላይ ሲያገኙት፣ «በረኛው! ስንት ገባብህ?» ይሉታል። «ኧረ አታሟርቱብኝ!» እያለ ያልፋል። እስከዚያ ድረስ የገባበት፣ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው፣ አልነበረምና ማሟረታቸው ያናድደው ነበር።

የአርሲ ሰው ነው። አማርኛው ጥርት ያለ ሆኖ፣ ሲጨነቅ ግን ኦሮምኛው ይቀድመዋል። በሽተኛ ከቃሬዛ ወደ አልጋ ስናዛውር «ሱታ፣ ሱታ» ይለናል፤ ቀስ በሉ ማለቱ ነው። ቃሉ ከጽዳት ሠራተኛ እስከ ሐኪም ተጋባብን። እኔ ችኩል ስለነበርኩ ከሁሉ ይልቅ የምትነገረው ለእኔ ነበር። «አስኩ፣ አንቺ እኮ ባቡር ጣቢያ ነው የተወለድሽው» ይለኛል። አስካለ ነው ስሜ። አስኩ የሚለኝ እሱና እናቴ ብቻ ነበሩ።

በዚያ ዘመን ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ ነበር። የሠራተኛው ሁሉ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይመዘገባል። ጋሽ ደበላ ከኋላ ተቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ ቀን ካድሬው፣ «ጓድ ደበላ፣ ተኛህ እንዴ?» ቢለው፣ «ኧረ እኔ ማስተኛት እንጂ መተኛት ሥራዬ አይደለም፤ ይልቅ ዛሬ እርስዎ ሥራዬን እየሠሩልኝ ነው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው አልሳቀም፤ ጻፈ። ከዚያም ጋሽ ደበላ በቀዶ ሕክምና ምክንያት ሁለት ጊዜ ሲቀር ሁለት ጊዜ ጻፈ። «ሦስተኛ ብትቀር የምንነጋገረው እዚህ አይሆንም» አለው። እዚህ ካልሆነ የት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ በዚያ ዘመን አይጠየቅም።

ሰዓዳ የመጣችው ረቡዕ ጠዋት ነው።

ከወንጂ በፒክአፕ ጭነት ላይ፣ ፍራሽ አንጥፈውላት፣ ባሏና እናቷ ግራና ቀኝ ይዘው አመጧት። ባሏ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። እናቷ እማማ ፋጡማ በልጅነታቸው ከወሎ ለሸንኮራ ሥራ ከመጡ ሰዎች ጋር የመጡ ሴት ናቸው። ሰዓዳ ዕድሜዋ ከሃያ አልፏል፤ ቁመቷ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ያህል ነው። እግሮቿ ተቆላልፈዋል፤ ጀርባዋ ተጣምሟል። ሆዷ ደግሞ ዘጠኝ ወር ሞልቶ ደረቷ ድረስ ወጥቶ ትንፋሽ አሳጥቷታል። ምጧ ጀምሯል። በዚያ ዳሌ ልጅ እንደማይወጣ ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር።

እኔ እንደ ልማዴ ብብቷ ሥር ገብቼ ላነሳት ስል፣ «በጣት አይደለም ሲስተር! በመዳፍ፣ ከሥር። በጣት ከያዝሽኝ ለራስሽ ሌላ ሥራ ትፈጥሪያለሽ» አለችኝና ሳቀች። በዚያ ምጥ መሀል ሳቀች። ስንት ጊዜ እንደተሰበረች ብጠይቃት፣ «መቁጠር የተውኩት ገና ሳልዳር ነው። ወጌሻው እኛ ቤት እንደ ዘመድ ነው፤ ለሠርጌም ጠርተነዋል» አለች። ስታስነጥስ ጎድኗ ተሰብሮ ያውቃል። ሰው እጇን ጨብጦ ጣቷን ሰብሯል።

ጋሽ ደበላ እጁን በሞቀ ውሃ ታጥቦ መጣ። ጎንበስ ብሎ ዓይኗን አየ። የዓይኗ ነጩ ሰማያዊ ነበር፤ ነጭ ልብስ ሲታጠብ ማንጫው ሰማያዊ ቀለም ሲበዛበት እንደሚሆነው። ወጥቶ ከቁም ሣጥኑ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ይዞ ተመለሰ። በረንዳው ላይ ቆሞ አንዲት አንቀጽ ሦስት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ሐኪሙንና እኔን ጠራን።

«ከእናት ሆድ ጀምሮ አጥንትን የሚያሳሳ በሽታ ነው» አለ። «የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ አናስርም፤ ሲነፋ ይሰብራታል። አንገቷን ማንም ወደ ኋላ አይቀልብስ። ጡንቻ የሚያላላውን መርፌ አልሰጣትም፤ ሰውነት ያንቀጠቅጣል፤ መንቀጥቀጡ ብቻ ይበቃታል። ጀርባዋ ጠማማ ስለሆነ በአከርካሪ የሚወጋውም አይሆንም። የቀረን ኤተር ነው።» መጽሐፉን ዘጋ። «ደግሞ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲደነዝዙ ሰውነታቸው ይግላል ይላል። ለምን እንደሆነ አይናገርም። ይግላል ብሎ ያልፋል።»

እዚህ ላይ ስለ አንድ መድኃኒት ማስረዳት አለብኝ። ኤተር አፍን በምራቅ ይሞላል፤ ምራቁ በሽተኛውን እንዳያፍነው አስቀድሞ አትሮፒን የሚባል መርፌ ይሰጣል። አትሮፒን ምራቅ ያደርቃል፤ ግን ላብም ያደርቃል። ላብ የማይወጣው ሰውነት ደግሞ መብረጃ የለውም። ጋሽ ደበላ መርፌውን ሞልቶ ሲያበቃ በእጁ ይዞ ብዙ ቆመ። ከዚያ በፊት መርፌ ይዞ ሲያመነታ አይቼው አላውቅም። «ያለሱ ትታፈናለች፤ በሱ ትግላለች» አለ። ቀጥሎ ደግሞ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ፣ «ግለቱን መስኮት ከፍቼ እይዘዋለሁ» አለና ሰጣት።

«ሰዓዳ፣ ትንሽ ወጣ ብለሽ ትመለሻለሽ። እኔ በሩ ላይ አለሁ» አላት።

«በሩን እንዳትዘጋብኝ ብቻ» አለችው።

ያን ቀን ያየሁትን ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። በፎጣ ጥቅል አንገቷን ግራ ቀኝ ደገፈላት። ቱቦውን ወደ ጉሮሮዋ ሲያስገባ ራሷ ከትራሱ የጣት ያህል አልተነሳም፤ እሱ ነው መሬት ላይ ተንበርክኮ ወደ እሷ የወረደው። የግፊት መለኪያ ስላልነበረ ጣቱን አንጓዋ ላይ አሳርፎ እስከ መጨረሻው አላነሳም። «ሱታ፣ ዶክተር፣ ሱታ» ይላል። ሐኪሙም፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ችኩል ወጣት፣ ልጅቷን ከማሕፀን ሲያወጣ ትንፋሹን ውጦ ነበር። ልጅቷ አለቀሰች። ከላይ እስከ ታች ዳሰስናት፤ ደህና ናት። እናቲቱንም አየን፤ አንድም አጥንት አልተሰበረም። የልጅቷን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርጌ ሳይ ነጩ ሰማያዊ ነበር።

ሰዓዳ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው።

«ተመለስኩ?»

«ተመልሰሻል።»

«ምን ወለድኩ?»

«ሴት። ዓይኗ ያንቺ ነው» አላት። ገባት። «እንግዲያው አያያዟን እኔው አስተምራችኋለሁ» አለች።

ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ጎን ወዳለችው ማገገሚያ ክፍል አዛወርናት። የናዝሬት ሙቀት በዚያ ወቅት የታወቀ ነው። ጋሽ ደበላ በእጁ ጀርባ ግንባሯን ዳሰሰ፤ ሙቀቷ መነሳት ጀምሯል። ሁለቱንም መስኮቶች ከፈተ፤ አንሶላ በውሃ ነክሮ መስኮቱ ላይ ሰቀለና የሚገባው ነፋስ ቀዝቀዝ እንዲል አደረገ። ከላይዋ አንዲት ስስ ጨርቅ ብቻ ተወላት። «አስኩ፣ አንድም ነገር እንዳትደርቢባት። ብትንቀጠቀጥም እንኳ። እርጥብ ጨርቅ በግንባሯና በብብቷ፤ ሙቀቷን በየሩብ ሰዓቱ» አለኝ።

ያኔ ነው ከካድሬው የተላከው ሰው በሩ ላይ የቆመው። ስብሰባው ተጀምሯል፤ ስም ተጠርቷል።

«በሽተኛ ይዣለሁ» አለ ጋሽ ደበላ።

«ነርስ የለችም?» አለ ሰውዬው እኔን እያየ።

ጋሽ ደበላም አየኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ታምኜ አላውቅም። «አለች» አለ። ቀስ ብሎ ጋዎኑን አወለቀ። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «አስኩ፣ በሩን ላንቺ ሰጥቻለሁ» አለኝና ሄደ።

እማማ ፋጡማ የልጅ ልጃቸውን አይተው ሲመለሱ ክፍሉን አዩና ጮኹ። «እንዴ! አራስ ልጄን እንደ ልብስ ነፋስ ላይ አሰጣችኋት?» መድኃኒቱ እንደሚያግል፣ ነፋሱ ለእሷ ሕክምና እንደሆነ ነገርኳቸው። «አራስ እኮ ናት! ገላዋ ክፍት ነው! ነፋስ ከመታት አትተርፍም። ሰባት ወልጄ ሦስት ቀብሬያለሁ፤ አንቺ ስንት ወልደሻል?»

ያኔ አልወለድኩም ነበር።

ብቻቸውን ቢሆኑ ምናልባት እችላቸው ነበር። ግን ሰዓዳ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጥርሷ ይጋጫል። «በረደኝ ሲስተር» አለችኝ፤ «እባክሽ፣ በረደኝ።» መንቀጥቀጡ አጥንቷን እንዳይሰብራት ፈራሁ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሙሉ እውነቱ አይደለም። ሙሉ እውነቱ እኔም እንደ እማማ ፋጡማ ማመኔ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ እናቴ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ስትወትፍ አጠገቧ ቆሜ ጨርቅ አቀብላት ነበር። አራስና ነፋስ ጠላት መሆናቸውን ፊደል ሳልቆጥር ነው የማውቀው። ትምህርቱ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፤ እጄ ግን የእናቴ እጅ ነው።

አንደኛውን መስኮት ዘጋሁ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። እማማ ፋጡማ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው ሰጡኝ። ያለበስኳት እኔ ነኝ። ጠርዙን ከሥሯ ሳስገባ በመዳፌ፣ በጣቴ ሳይሆን፣ ሱታ ሱታ እያልኩ ነበር። መንቀጥቀጡ ቆመላት። ፈገግ አለች። «አላህ ይስጥሽ» አሉኝ እናቷ። ደስ አለኝ፤ ይህንንም መናገር አለብኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። እሳቸው ወደ ሕፃኗ ተመለሱ። እኔንም ከጎረቤት ክፍል ደም ለሚፈሰው ሰው ድረሽ አሉኝና ሄድኩ። ሩብ ሰዓት መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

ስመለስ ፊቷ ቀልቷል፤ ቆዳዋ ደረቅ ነው፤ አንዲት ጠብታ ላብ የለም። የሙቀት መለኪያው ከአርባ አንድ አልፎ ቆመ። ጋቢውን ገፍፌ ወንበሩ ላይ ወረወርኩ። መስኮቶቹን በረገድኩ። ውሃ አፈሰስኩባት። ያኔ አንቀጠቀጣት፤ ይኸኛው መንቀጥቀጥ የብርድ አልነበረም። በዚያች ክፍል የሰማሁትን የአጥንት ድምፅ አልጽፈውም። ሐኪሙ እየሮጠ ደረሰ፤ የሚሠራው አልነበረም። ሰዓዳ ዓይኗ ወደ በሩ እያየ አለፈች።

ጋሽ ደበላ ከስብሰባው ሲመለስ ከሩቅ የሚሮጥ እግሩን ለየሁት። ገብቶ ጣቱን አንጓዋ ላይ አሳረፈ። አለፈች ብለን ነግረነው ነበር፤ እሱ ግን ጣቱን ረዘም ላለ ጊዜ አላነሳም። ከዚያ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ስንት ደረሰ?»

«ከአርባ አንድ በላይ።»

«መስኮቱስ?»

«ክፍት ነበር» አልኩት።

ሁለት ቃል ነው። አስቤ አልተናገርኩትም፤ አፌ ቀደመኝ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ መስኮቱን አየ። እማማ ፋጡማ እየጮኹ፣ ትከሻቸው እንደተራቆተ ገቡ። ጋሽ ደበላ ተነሣና ጋቢውን ከወንበሩ ላይ አነሳ። በሁለት እጁ ወደ ፊቱ ጠጋ አድርጎ ለአፍታ ያዘውና ለሴትዮዋ ደረበላቸው። «አይዞዎት እማማ» አላቸው።

በምርመራው ቀን ኮሚቴ ፊት ቆሞ የተናገረው አጭር ነበር። «አትሮፒኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ። መጽሐፉ እንደምትግል ነግሮኝ ነበር።» ለስብሰባ መጠራቱን አላነሳም። እኔንም አላነሳም። ወደ መተሐራ አቅጣጫ፣ ቆላ ውስጥ ወዳለች አንዲት ክሊኒክ አዛወሩት። ማደንዘዣ በሌለባት ክሊኒክ ቁስል እንዲያጥብ።

ባቡር ጣቢያ ሸኘሁት። ያን ቀን ልነግረው ነበር የሄድኩት። «ጋሽ ደበላ፣ አንድ ነገር አለ...» ስለው፣ ከባቡሩ መስኮት ራሱን አውጥቶ፣ «ዛሬ ጥሩ ነፋስ አለ አስኩ» አለኝ። የአየር ሁኔታ ያወራ መሰለኝ። ባቡሩ ሄደ።

ከዓመታት በኋላ፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰው ሲጠፋ፣ መልሰው አመጡት። ታሪኩን የማያውቅ አዲስ ሠራተኛ ኮሪደር ላይ፣ «በረኛው! ስንት ገባብህ?» ሲለው፣ ጋሽ ደበላ ቆም አለና፣ «አንድ» አለ። ሳቁ ባለበት ቀረ። ተከትዬው እጅ መታጠቢያው ጋ ደረስኩ። «ጋሽ ደበላ፣ ያን ቀን...» አልኩ። «አትሮፒኑ ነው» አለኝ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያሸ። ከዚያ በኋላ አልሞከርኩም። ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ እያልኩ ራሴን ስደልል ኖርኩ።

እኔም ወለድኩ። አራስ ቤት እናቴ መስኮቱን ስትዘጋ አንባረቅሁባት፤ ተነሥቼ በገዛ እጄ ከፈትኩት። አራሷ አበደች ብለው ጎረቤት ተጠራ። እስከ ዛሬ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ስሆን በአፍንጫዬ ኤተር ይመጣብኛል። ኤተር መጠቀም ከቀረ ስንት ዘመኑ!

ለቅሶ የደረስኩት በማግስቱ ነው። ድንኳኑ በሰው ተሞልቷል፤ አቧራ እንዳይገባ ጎኖቹን አውርደውታል፤ ሙቀቱ አያድርስ ነው። ጥግ ላይ ክራንቿን ከጎኗ አጋድማ የተቀመጠች አጭር ሴት አየሁ። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይሆናል። ቀና ስትል የዓይኗ ነጩ ሰማያዊ ነው። ልሸሽ ፈለግሁ። ግን አጠገቧ ካለችው ወንበር በቀር ባዶ ቦታ አልነበረም።

«ሐያት እባላለሁ» አለችኝ። «የሟች ምናቸው ነዎት?»

«አብረን ሠርተናል። ነርስ ነበርኩ።»

ፊቷ በራ። እናቷን ጋሽ ደበላ እንዳደነዘዛት፣ ከዚያ ወዲህ እሷን በየወሩ ወንጂ ድረስ እየመጣ እንደጠየቃት ነገረችኝ። ቆላ ተዛውሮ ሳለም በጭነት መኪና ይመጣ ነበር። አስተማሪዎቿን በመዳፍ ማንሳት ያስተማራቸው እሱ ነው። እግሯ አራት ጊዜ ተከፍቶ ብረት ገብቶበታል፤ አራቱንም ጊዜ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሳይቀር፣ በራስጌዋ ቆሟል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ አምስተኛው አለባት።

«አሁን በሩ ላይ ማን አለኝ?» አለች። «ይቺ ብቻ ቀረችኝ።»

ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። እጥፋቱ ተበልቷል። ጽሕፈቱን ገና ሳላነበው አወቅሁት፤ የእሱ ነው። ልጅቷን ለሚያደነዝዝ ባለሙያ ሁሉ ይላል። ክንዷን በግፊት መለኪያ አታጥብቁ። አንገቷን ወደ ኋላ አትቀልብሱ። የሚያንቀጠቅጥ መርፌ አትስጡ። አትሮፒን አትስጡ። በመዳፍ አንሷት፤ ሱታ። ከሁሉ በታች፣ ከሌላው ጎላ ብሎ፣ አንድ መስመር አለ፤ «ጋቢ አታልብሷት። ለምናም ቢሆን አታልብሷት። መስኮት አትዝጉባት።»

ለምናም ቢሆን። ደግሜ አነበብኩት። ጋቢውን ወደ ፊቱ ጠጋ ያደረገበት ያ አፍታ መጣብኝ። ሰዓዳን ካላለበሰ በቀር የእማማ ፋጡማ ጋቢ የኤተር ሽታ ከየት ያመጣል? ያ አፍንጫ ተሳስቶ አያውቅም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሲያውቅ ኖሯል፤ «አንድ» ሲልም የእኔን ጎል ነበር በራሱ ላይ የቆጠረው።

ሐያት ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ሐኪሞቹ ሌላው ሁሉ ይገባቸዋል፤ እዚህች መስመር ላይ ሲደርሱ ይስቃሉ። ምንድን ናት ብዬ ጋሼን ስጠይቀው፣ ‹እዚያ የነበረች ሰው ትነግርሻለች› ይለኝ ነበር። ማን ናት ስለው ‹ትመጣለች› ብቻ ነው መልሱ። እርስዎ ያን ጊዜ እዚያ ነበሩ እንዴ?»

ድንኳኑ ታፍኗል። ተነሣሁና ከኋላችን ያለውን ሸራ ገልጬ ወደ ላይ ጠቀለልኩት፤ ነፋሱ ገባ። አንዲት ሴትዮ «አቧራው!» ብላ ተቆጣችኝ። ተመልሼ ሐያት አጠገብ ተቀመጥኩና ወረቀቱን ጭኗ ላይ፣ ቀስ ብዬ፣ በመዳፌ አስቀመጥኩላት።

«መስኮቱ ዝግ ነበር» አልኳት። «የዘጋሁት እኔ ነኝ።»